አንድ ሜትር ከፍታ፦ የጥላ ማስታወሻ ከኅዳር እስከ ሰኔ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የሳይንስ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል የሚማሩ ናቸው። የ2016 ዓ.ም. ሥራችን ብርሃንና ጥላ ነበር። የምንኖረው ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ በምትወጣበት አገር ነው። የለንደን፣ የኒው ዮርክ ወይም የቶኪዮ ልጅ ከደጁ ቆሞ ይህን በዕድሜ ልኩ አያየውም። የእኛ ልጆች ግን በየዓመቱ በገዛ ግቢያቸው እየሆነ፣ ማንም ሳያሳያቸው ስምንተኛ ክፍልን ያልፋሉ። ይህ ያንገበግበኛል። ማስታወሻውን የማካፍለውም ሌላ መምህር፣ እናት ወይም አባት በጥቂት ዕቃ ሊሠራው ስለሚችል ነው።

ኅዳር 29

“ጥላ ምንድን ነው?” ብዬ ጀመርኩ። መልሶቹን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ጥቁር ነገር ነው፤ ከሰውነታችን የሚወጣ ነው፤ ፀሐይ የምታነሣን ፎቶ ነው። ሥዕል እንዲሥሉ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ለጥላው ዓይንና አፍ ሰጡት። ጥላውን ፀሐይዋ ባለችበት በኩል ያደረጉም ነበሩ። ምንም አላረምኩም። ሥዕሎቹን ቀን ጽፈንባቸው ሰበሰብናቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ራሳቸው እንዲያዩአቸው ነው።

ከዚያ የክፍሉን መስኮቶች በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንን። ሦስት የካርቶን ቁራጮች ላይ በእኩል ከፍታ በምስማር ቀዳዳ አበጀንና አሰለፍናቸው። በሦስቱም ቀዳዳ ክር አሳልፈን ወጥረን ቀጥ ማለታቸውን ካረጋገጥን በኋላ ክሩን አወጣን። የእጅ ባትሪው ከአንዱ ጫፍ ሲበራ በሌላው ጫፍ ግድግዳው ላይ ነጥብ ታየ። መካከለኛውን ካርቶን አንድ ልጅ በጣት ውፍረት ያህል ወደ ጎን ሲገፋው ነጥቡ ጠፋ። የጠመኔ ብናኝ በባትሪው ፊት ስናራግፍ ደግሞ የብርሃኑ መንገድ ራሱ ታየ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነበር።

“ብርሃን ጥግ ዞሮ መሄድ አይችልም” አለች አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ። የዕለቱ ትምህርት ይኸው ነበር። ብርሃን በቀጥታ ይጓዛል፤ መንገዱ ላይ የማያሳልፍ ነገር ከቆመ ከጀርባው ያለው ቦታ ብርሃን አይደርሰውም። ያንን ቦታ ነው ጥላ የምንለው። ዝናብ ሲጥል በጃንጥላ ሥር ያለው መሬት ይደርቃል፤ ጃንጥላው ድርቀት አልሠራም፣ ዝናቡን ብቻ ከለከለ። ጥላም እንዲሁ ከሰውነት የሚወጣ ነገር አይደለም።

መጨረሻ ላይ ነጠላ አመጣን። በአንድ ድርብ ስንይዘው ግድግዳው ላይ ደብዛዛ ጥላ ጣለ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያደረግን ስናጥፈው እየጠቆረ ሄደ። መስታወት፣ ዘይት የተቀባ ወረቀትና ካርቶን ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ነገሮች ብርሃን የሚያሳልፉና የማያሳልፉ ተብለው በሁለት ብቻ እንደማይከፈሉ ልጆቹ በዓይናቸው አዩ።

ታኅሣሥ 6

የጥላ መጠን። ባትሪውን ከግድግዳው 2 ሜትር አርቀን ጠረጴዛ ላይ አሰርነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካርቶን ልክ መካከል ላይ ሲቆም ጥላው 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከባትሪው በ50 ሴንቲ ሜትር ስናቆመው 40 ሆነ። ወደ ባትሪው ያለውን ርቀት በግማሽ ስንቀንስ ጥላው እጥፍ መሆኑን ሳልነግራቸው አገኙት።

ከዚያ ወደ ግቢ ወጣን። ካርቶኑን መሬት አጠገብ ያዙት፣ ቀጥሎም ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። ጥላው አላደገም! ይህን ጥያቄ አላቻኮልኩትም፤ ሩብ ሰዓት ሲከራከሩ ዝም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ልጅ “ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች የእኛ ከፍ ማድረግ አይታወቃትም” አለ። ትክክል ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ብርሃን በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ እንኳ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ርቀት ላይ አንድ ሜትር ከፍ ማለት ለውጥ የለውም። ጨረሮቹ ጎን ለጎን ተስተካክለው የሚመጡ ያህል ነው።

የተለወጠው ጠርዙ ነበር። ካርቶኑ መሬት አጠገብ ሳለ የጥላው ጠርዝ ስለት ያለው ይመስል ነበር፤ ከፍ ሲል ደበዘዘ። ምክንያቱን ክፍል ውስጥ በሁለት ባትሪ አሳየሁ። ሁለት ባትሪዎች ሁለት ጥላ ይጥላሉ፤ ጥላዎቹ የተደራረቡበት ቦታ ብቻ ድፍን ጨለማ ይሆናል፣ ሌላው ግማሽ ብርሃን ያገኛል። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ በሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። በጥላው ዳር የቆመ ጉንዳን ቢኖር ከፊል ፀሐይ ብቻ ይታየው ነበር።

ታኅሣሥ 13

ዋናው መሣሪያ ቆመ። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፌሮ በጣሳ ውስጥ በሲሚንቶ ተክለን፣ በሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ያለው ሊሾ ላይ አስቀመጥነው። ሊሾው ደልዳላ መሆኑን በውኃ ልክ አረጋገጥን። የፌሮው ጫፍ ጥላ በደበዘዘ ጠርዙ ምክንያት ለመለካት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከጫፉ ወደ ጎን በወፍራም ሽቦ አንድ ቆርኪ አወጣን፤ ቆርኪው መሐል ላይ በቀጭን ምስማር ቀዳዳ አለው፣ ከሊሾው ልክ 1 ሜትር ከፍ ብሏል። ከቀዳዳው ቱንቢ አውርደን ያረፈበትን ቦታ በቀለም መስቀል ምልክት አደረግንበት። አሁን መሬት ላይ የቆርኪው ክብ ጥላ ይወድቃል፣ በጥላው መሐል ደግሞ ትንሽ ብሩህ ክብ አለች። ከመስቀሉ እስከ ክቧ መሐል ያለው ርቀት የዕለቱ ልካችን ነው።

ከሁሉ በፊት የነገርኳቸው አንድ ሕግ አለ፤ ፀሐይን በዓይን ማየት ፈጽሞ ክልክል ነው፣ በቀዳዳውም በኩል ቢሆን። እኛ የምናየው መሬቱን ብቻ ነው።

ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየጥቂት ደቂቃው ክቧን በጠመኔ ነጠብናት። ልጆቹ ጥላው አጭር የሚሆነው ልክ በ6 ሰዓት ነው ብለው ነበር። አልሆነም፤ እያጠረ ሄዶ አጭር የሆነው በ6:24 ነው። ልኩ 63.5 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫው ሰሜን።

ሃያ አራቱ ደቂቃ ከየት መጣ? የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው 45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በስተምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ትርቃለች፤ ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። አባዙት፤ 25 ደቂቃ ይመጣል። በዚያ መስመር አጠገብ ባለችው በዋርዴር ከተማ የፀሐይ እኩለ ቀን ሆኖ እኛ ዘንድ እስኪሆን የምንጠብቀው ጊዜ ነው።

ጥር 18

52 ሴንቲ ሜትር፣ አሁንም ወደ ሰሜን። አጭሩ ጥላ የተገኘው በ6:38 ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ያዘነበለ ስለሆነ የፀሐይ እኩለ ቀን ከወር ወር ወዲያና ወዲህ ይላል። ለትንንሾቹ ይህን አላብራራሁም፤ ሰዓቱን ከልኩ ጎን እንዲጽፉ ብቻ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ይቆይ፤ ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ምክንያቱን ይፈልጉታል።

አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ “መምህር፣ ከታኅሣሥ ወዲህ እያጠረ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ ያልቃል ማለት ነው?” አለኝ። ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አልጠበቅሁም። ያልቃል ወይም አያልቅም አላልኩም። ግድግዳው ላይ የቀናትና የሴንቲ ሜትር ሰንጠረዥ ለጠፍንና እያንዳንዱን ልክ በነጥብ ማስቀመጥ ጀመርን።

ጥር 25

ከግራሩ ሥር። ቅጠሎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ በመካከላቸው ያሉ ክፍተቶችም ቅርጽ የላቸውም፤ መሬት ላይ የሚወድቀው ብርሃን ግን ሁሉም ክብ ክብ ነው። ለምን?

ካርቶን ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ቆረጥን። መሬት አጠገብ ሲያዝ ብርሃኑ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወደቀ። ቀስ እያልን ከፍ ስናደርገው ጥጎቹ ጠፉና ክብ ሆነ። ልጆቹ ደጋግመው ዝቅና ከፍ አደረጉት፤ ማመን አልቻሉም ነበር። ክቡ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም፣ የፀሐይ ምስል ነው። እያንዳንዷ ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል መሬት ላይ ትሥላለች፤ በግራሩ ሥር የቆምነው በመቶ በሚቆጠሩ ፀሐዮች መካከል ነበር።

የክቡ ስፋትም ሕግ አለው። ፀሐይ ከእኛ ያላት ርቀት ከስፋቷ 107 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ምስሏም ከቀዳዳው እስከ መሬት ካለው ርቀት 107 ጊዜ ያህል ያንሳል። በ1 ሜትር ላይ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በቆርኪያችን ለካነው፤ ያው ነው። አምስተኛ ክፍሎቹ ከዚህ ተነሥተው በግራሩ ሥር ያገኙትን የ4 ሴንቲ ሜትር ክብ በ107 አባዙና፣ ብርሃኑ ከቀዳዳው እስከ መሬት 4 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጉዟል አሉ። ዛፉን መውጣት ሳያስፈልግ!

በዚሁ ቀን የጫማ ካርቶን ወስደን በአንድ ጎኑ ቀዳዳ፣ በሌላው ጎኑ ዘይት የተቀባ ወረቀት አደረግን። በወረቀቱ ላይ የትምህርት ቤቱ በር፣ ባሕር ዛፉ፣ የሚሮጡ ልጆች ታዩ፤ ሁሉም ተገልብጠው። ከላይ የመጣው ብርሃን በቀዳዳው ቀጥ ብሎ አልፎ ከታች ያርፋል፣ ከታች የመጣውም ከላይ። ይህን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጥንቃቄ ያጠናው ኢብን አል ሃይሰም ነው፤ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራ ሊቅ ነበር። የምናየው ከዓይናችን በሚወጣ ጨረር ሳይሆን ወደ ዓይናችን በሚገባ ብርሃን መሆኑን በሙከራ እየደገፈ ተከራክሯል። ልጆቹ በኅዳር “ዓይን ወደ ነገሩ ያያል” ብለውኝ ስለነበር ታሪኩ በደንብ ያዛቸው።

የካቲት 9

38.5 ሴንቲ ሜትር። ዛሬ የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት ለካን። በዚያው ደቂቃ የእንጨቱ ጥላ 2 ሜትር ከ70 ነበር። አንድ ሜትር 38.5 ከጣለ፣ 270 የጣለው ስንት ነው? 7 ሜትር። ሒሳቡን ከፈጸሙት መካከል በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዝም የሚል አንድ ልጅ ነበር።

ሰሜንና ደቡብንም ያለ ኮምፓስ አገኘን። በመስቀሉ ዙሪያ በክርና በጠመኔ ክብ ተሠራ። ብሩህ ነጥቧ ጠዋት ክቡን የነካችበትና ከሰዓት በኋላ የነካችበት ቦታ በቀጥታ መስመር ሲያያዙ ምሥራቅና ምዕራብ ሆነ። ለዚህ አንድ ወላጅ እስከ 9 ሰዓት ከልጆቹ ጋር ቆዩልን፤ አመሰግናቸዋለሁ።

ስለ አክሱም ሐውልት ጥላ የጠየቀች ልጅ ነበረች። 24 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ሐውልት ወስደን አሰላነው፦ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ጥላው ወደ ሰሜን 18 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይዘረጋል፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ 4 ሜትር ያህል። “ወደ ደቡብ?” አሉ በአንድ ድምፅ። ቆዩ፣ እኛም ጋ ታያላችሁ አልኳቸው።

የካቲት 30

ስለ ሌሊት። ኳስና ባትሪ ይዘን ጨለማ ክፍል ገባን። የኳሱ አንድ ወገን ብሩህ፣ ሌላው ጨለማ ነው። ሌሊት የሚባለው ምድር በራሷ ላይ የምትጥለው ጥላ ውስጥ የምንገባበት ጊዜ ነው። “ማታ ጥላዬ ወዴት ይሄዳል?” ላለችው ልጅ መልሱ ይህ ነው፤ አንቺ ራስሽ በትልቁ ጥላ ውስጥ ነሽ።

የምድር ጥላ ወደ ጠፈር ወደ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እየጠበበ ይዘልቃል። ጨረቃ የምትገኘው በ384 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ በውስጡ ታልፋለች፤ የጨረቃ ግርዶሽ ይህ ነው። የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ ሰማዩ በጠራ ምሽት፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጀርባችሁን ለምዕራብ ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ከአድማሱ በላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መደብ፣ በላዩም ሮዝ ቀለም ይታያል። ያ መደብ በአየሩ ላይ ያረፈ የምድር ጥላ ነው፤ እየጨለመ ሲሄድ ከፍ ይላል። ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ያላቸው ልጆች አይተው መጡ።

መጋቢት 14

ባለፈው ሳምንት፣ መጋቢት 7 ቀን፣ 18.7 ሴንቲ ሜትር ነበር። ዛሬ ግን ፌሮውን ትተን የግቢው ጥበቃ የሆኑትን አዛውንት ጠየቅናቸው። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ልጆቹ “አባባ፣ ድሮ ሰዓት ሳይኖር የጾም መፍቻ በምን ይታወቅ ነበር?” ሲሏቸው ጠመኔ አንሥተው ወደ ሊሾው ወጡ። ቀጥ ብለው ቆሙና “እዚያ የራሴ ጥላ ያረፈበት ላይ ምልክት አድርጉልኝ” አሉ። ከዚያ ከቆሙበት ተነሥተው ተረከዝን ከጣት እያያያዙ እስከ ምልክቱ ረገጡ። ጠዋት 4 ሰዓት ነበር። አምስት ጫማ ከጥቂት። “ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይህንኑ ልክ ታገኙታላችሁ፤ እናቴ በመጋቢት እንዲህ ነበር የምትቆጥረው” አሉ።

ይህ ሙያ ሲነገር ለምን ሁልጊዜ በተረት ቃና እንደሚነገር አይገባኝም። የተጣራ ልኬት ነው። ሰው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ቁመቱ የራሱን እግር ስድስት ከግማሽ እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አዛውንቱም አምስት ጫማ፣ የሦስተኛ ክፍሏም ልጅ አምስት ጫማ አገኙ። መለኪያው ከለኪው ጋር ያድጋል። ጥላው ከወር ወር ስለሚለያይም ልኩ በየወሩ የተለየ ነው፤ በግእዝ የዘመን አቆጣጠር ጽሑፎች ውስጥ የየወሩን የጥላ ልክ በጫማ የሚያስቀምጡ ሰንጠረዦች አሉ። የዛሬው የፀሐይ እኩለ ቀን 6:31 ገደማ ስለሆነ፣ 4 ሰዓትና 9 ሰዓት ከግራና ከቀኝ እኩል ይርቁታል፤ አባባ የተናገሩት በሒሳብም ልክ ነው።

መጋቢት 21

9 ሴንቲ ሜትር። አምስተኛ ክፍሎቹ በግድግዳው ሰንጠረዥ ላይ የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ማስመሪያ አስደግፈው መስመሩን ወደ ፊት ቀጠሉት። ዜሮን የነካው ሚያዝያ 4 ላይ ነው። ዓርብ። እኔ የማውቀውን ቀን አልነገርኳቸውም፤ የነሱ መስመር ግን እዚያው ደረሰ።

ሚያዝያ 1

ትናንት በአሜሪካ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ የጋረደችበት መንገድ በዳላስ ላይ አለፈ፤ ዳላስ ደግሞ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ነው። የአንዲት ልጃችን አክስት ከግርዶሹ መሙላት በፊት ከዛፍ ሥር ያነሡትን ፎቶ ላኩላት። መሬቱ ላይ ያሉት ክቦች ሁሉ ማጭድ ሆነዋል! ጥር ላይ “ክቡ የፀሐይ ምስል ነው” ያልነው በማያጠራጥር መንገድ ተረጋገጠ፤ ፀሐይ ስትጎድል ምስሎቿም ጎደሉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላ የታየው ግርዶሽ ደግሞ ቀለበታዊ ነበር፤ ጨረቃ በዚያን ጊዜ ራቅ ብላ ስለነበር ጥላዋ ምድር ሳይደርስ አለቀ፣ የፀሐይ ዳርቻም ቀለበት ሆኖ ቀረ።

ሚያዝያ 5

ትናንት ዓርብ በምሳ ሰዓት ልጆቹ ወደ ፌሮው ሮጠው ነበር፤ የበልግ ደመና ሸፈነባቸው። ዛሬ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ደመናው ይመጣል ይሄዳል። 6:15 ላይ ጠራ። ብሩህ ክቧ ከምዕራብ በኩል ወደ መስቀሉ ስትጠጋ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ተንበርክከው ነበር። በ6:25 ክቧ መስቀሉ ላይ ወጣች። የቆርኪው ጥላ ከቆርኪው ልክ በታች፣ የፌሮው ጥላ በገዛ ሥሩ ውስጥ ተሰበሰበ።

ቀና ስንል ያየነው የበለጠ ነበር። የሰንደቅ ዓላማው እንጨት ጥላ የለውም። የልጆቹ ጥላ ከጫማቸው ሥር ያለች ትንሽ ክብ ናት። ጣሳ፣ ወንበር፣ የተተከለ የብረት ቱቦ፣ ሁሉም በየሥሩ ጥላውን ይዟል። ልጆቹ መዝለል ጀመሩ፤ ሲዘሉ ብቻ ጥላቸው ከእግራቸው ይለያል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ ሌላ ሥራ አልነበረም፣ እኔም እንዲኖር አልፈለግሁም።

ክቧን በጥንቃቄ ስንለካት መሐሏ ከመስቀሉ በ4 ሚሊ ሜትር ወደ ደቡብ አልፏል። ማስመሪያው ዓርብ ያለውም ለዚህ ነው።

ሚያዝያ 12

ባለፈው ቅዳሜ በመቀሌ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ሜትር ዘንግ ለክቶ ነበር፤ 7.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን። በአንድ ቀን፣ በሁለት ከተማ፣ ሁለት የተለያየ ጥላ። ምድር ዝርግ ብትሆንና ፀሐይም ሩቅ ከሆነች ሁለቱ ጥላዎች እኩል መሆን ነበረባቸው።

ይህ ዘዴ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኤራቶስቴንስ ነበር። እሱ በግብፅ፣ በዓባይ ዳር ያለችውን አስዋንንና እስክንድርያን ይዞ የጥላው ማዕዘን ከክብ አንድ ሃምሳኛ መሆኑን አገኘ። እኛ አዲስ አበባንና መቀሌን ያዝን። መቀሌ ከእኛ በስተሰሜን 495 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በትልቅ ወረቀት ላይ የ1 ሜትር ዘንግና የ7.5 ሴንቲ ሜትር ጥላ ሥለን ማዕዘኑን ለካን፤ 4.3 ዲግሪ። 360 ለ4.3 ሲካፈል፣ በ495 ሲባዛ፣ የምድር ዙሪያ 41 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ።

አንዲት ልጅ “የእኛን 4 ሚሊ ሜትር ረሳናት” አለች። እሷ ወደ ደቡብ ስለሆነች በመቀሌው ላይ ትደመራለች፤ 7.9 ሴንቲ ሜትር፣ 4.5 ዲግሪ። አሁን 39 ሺህ 600 ሆነ። ትክክለኛው 40 ሺህ ገደማ ነው። በቆርኪ፣ በፌሮና በስልክ ጥሪ!

ግንቦት 10

18.7 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ደቡብ። ከመጋቢት 7 ጋር እኩል፣ በተቃራኒው ወገን። ብዙ የሕፃናት መጻሕፍት “በእኩለ ቀን ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል” የሚሉት ፀሐይ አናት ላይ ለማትደርስበት ሰማይ ነው። በእኛ አገር ልጅ እጅ ሲገባ ያ ዓረፍተ ነገር መታረም አለበት፤ እርማቱን ልጆቹ ራሳቸው በደብተራቸው ጽፈዋል።

ሰኔ 15

25.7 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ደቡብ፤ የዓመቱ ትልቁ የደቡብ ጥላ። ከአሁን በኋላ ይመለሳል። የኅዳር ሥዕሎችን መለስኩላቸው። ምንም ሳልል እርሳስ አነሡ፤ ዓይንና አፉን አጠፉ፣ ፀሐይንም ወደ ማዶ አዛወሯት። አንዱ ልጅ ጥላውን ከጫማው ሥር አድርጎ አዲስ ሥዕል ሠርቶ “ሚያዝያ” ብሎ ጻፈበት።

በሌላ ከተማ ለምትሞክሩ፣ ጥላ የሚጠፋባቸው የበልግ ቀናት አንድ ቀን ወዲያና ወዲህ ሊሉ ቢችሉም እነዚህ ናቸው፦ አርባ ምንጭ መጋቢት 27፣ ሐዋሳ መጋቢት 30፣ ባሕር ዳር ሚያዝያ 12፣ ጎንደር ሚያዝያ 15፣ መቀሌ ሚያዝያ 18። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ለኩ፤ ቀኑን ልጆቹ ራሳቸው በማስመሪያ ያግኙት። ሰዓቱን አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።

ለአዲስ አበባ ሁለተኛው ዕድል ነሐሴ 23 ወይም 24 ነው፣ 6:26 ገደማ። ክረምት ስለሆነ ደመናው ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቀን እንሞክራለን። ፌሮው እንዳይነቃነቅ አባባ በድንጋይ ከበውታል፤ ለመምጣት የተመዘገቡት ልጆች ስም በክበቡ በር ላይ ተለጥፏል፣ ቦታም ገና አለ።